ፊደሉ የጠፋበት ገጽ፦ በ1999 በእጅ የተሠራ ድረ ገጽ እንዴት ተመለሰ

ነገሩ እንዴት መጣ

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ደሴ አንድ ድረ ገጽ ሠርተው ነበር፤ ገጹ ጠፍቷል፤ ይመለስ እንደሆን ነው የጠየቀችኝ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ስለነበር ለልደታቸው ልትሰጣቸው አስባ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የምኖረው። የሁለት ቀን ሥራ ነው ብዬ ገመትኩ። አራት ወር ፈጀብን።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው የድሮውን ኢንተርኔት የሚናፍቅ ሰው ስለበዛ ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ጽሑፍ፣ የጎብኚ መቁጠሪያው፣ «ገጹ ገና እየተሠራ ነው» ለማለት የሚለጠፈው አካፋ ይዞ የሚቆፍር ትንሽዬ ሰውዬ ይናፈቃሉ። እኔም እናፍቃቸዋለሁ። የዚያን ጊዜ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብተን በደቂቃ እየከፈልን፣ ደስ ያለንን ገጽ በፍሎፒ ገልብጠን ቤት ወስደን ኮዱን ከፍተን እያየን ነው የተማርነው። ይህ ሥራ ግን መልኩን ከመመለስ በፊት ሌላ ነገር መትረፍ እንዳለበት አሳየኝ፤ እሱም ፊደሉ ነው።

ስም አልጠቅስም። አባትየውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዳራ

ጋሼ ገጹን የጀመሩት በ1999 ነው። ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሊት እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው አይመጣም። በዚያች ሰዓት ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ፣ የኤችቲኤምኤልን መማሪያ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ጠዋት ቤት ገብተው ያነበቡትን ይሞክራሉ። ኮምፒውተር አልተማሩም። ማንም አላሳያቸውም።

ገጹን ያስቀመጡት ነጻ ቦታ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ጋ ነው። የዚያ ዘመን ትልቁ ነጻ ቦታ ጂኦሲቲስ ነበር። የተጀመረው በ1994 ነው፣ ገጾቹንም በሰፈር ይከፋፍል ነበር፤ ስለ ቤተሰብና ስለ ትውልድ ቀዬው የሚጽፍ ሰው ሃርትላንድ ይገባል፣ ስለ ትምህርትና ፍልስፍና የሚጽፍ አቴንስ፣ አድራሻው ላይም እንደ ቤት ቁጥር ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ያሁ በ1999 ገዛው፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2009 ዘጋው። ሊዘጋ ሲል አርካይቭ ቲም የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች የቻሉትን ያህል ገልብጠው በ2010 ከ600 ጊጋባይት በላይ የሚሆን ፋይል ለሁሉም ለቀቁ። የጋሼ ገጽ የነበረበት ድርጅት ግን ትንሽ ነበር። ሲዘጋ የደረሰለት የለም።

የገጹ መልክ እንዲህ ነበር። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እንደ ጨርቅ ሸካራነት ያለው። ላዩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ሁለት ሻማ ይንቦገቦጋል። የጦሳ ተራራ ፎቶ አለ፣ የፒያሳ ፎቶ አለ፣ የሐይቅ ፎቶ አለ። በየመሀላቸው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ታች የጎብኚ መቁጠሪያ፣ ከሱ በታች የእንግዳ መዝገብ፣ ከሱ በታች «መጨረሻ የታደሰው» የሚል መስመር፣ ቀኑ 2003።

ይህን መልክ ዛሬ ያየ ሰው ዝብርቅርቅ ሊለው ይችላል። ለኔ ግን እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። የጨርቁ ሸካራነት አንዲት ትንሽዬ ጂፍ ምስል ናት፤ ብሮውዘሩ ደጋግሞ ይደረድራታል። ትልቅ የጀርባ ፎቶ በስልክ መስመር አይታሰብም ነበር። ፈጣኑ ሞደም በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር፤ 50 ኪሎባይት የምትመዝን አንዲት ፎቶ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ 7 ሰከንድ ያህል ትፈጃለች። ስለዚህ ጋሼ ፎቶዎቹን እያንዳንዳቸውን አሳንሰው ነው የለጠፉት። የአማርኛ ርዕሶቹ ሁሉ ምስል ናቸው፣ በፔይንት ተጽፈው ተቀብተው፤ ፎንቱ የሌለው ጎብኚ ቢያንስ ርዕሱን እንዲያነብ።

ችግሩ

የጠፋው ገጽ መገኘቱ ቀላል ሆነ። አድራሻው በእጃችን ነበር። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት ማኅደር፣ ዌይባክ ማሽን ላይ ስናስገባው ከ2001 እስከ 2005 የተነሱ ቅጂዎች መጡ። ልጃቸው የዚያን ዕለት ማታ አለቀሰች።

በማግስቱ ግን ጽሑፉን ለማንበብ ስንሞክር አማርኛው የለም። ገጹ ሞልቶ ያለው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የዶላር ምልክት፣ ኮፍያ ያደረገ ኤ ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ ገጽ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያስታውሰዋል።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ ዩኒኮድ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ የገባው ልክ በዚያው በ1999 ነው። ወደ ሰዎች ኮምፒውተር እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ወሰደ፤ ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ፎንቶች ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ ላቲን ነው የሚያውቀው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የለም።

ሌላም አለ። አንድ እንዲህ ያለ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ ከዚያም ሁሉም አይሠራም። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፋይል ያከፋፍሉት ነበር። የጋሼ ገጽ በሁለት ፎንት የተጻፈ ነው። አንድ ቃል መሀል ላይ ፎንቱ ይቀየርና ይመለሳል።

መጀመሪያ የሞከርነውና ያበላሸነው

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነው። ጽሑፉን ከብሮውዘሩ ላይ ኮፒ አድርጌ ወደ ሌላ ፋይል ወሰድኩት። እዚያ እፈታዋለሁ ብዬ ነው። ኮፒ ሲደረግ ግን የፎንቱ ስም ወደቀ። የትኛው ምልክት የአንደኛው ፎንት፣ የትኛው የሁለተኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም፤ አንዱ ምልክት በአንደኛው «መ» ከሆነ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። ሁለት ሳምንት በግምት እያነበብኩ ባከንኩ።

ከዚያ የባሰ አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ታየኝ። «ቋንቋ» የሚለው ቃል በየቦታው «ን» ብቻ ሆኖ ይመጣል። «ቋ» የተቀመጠችው 173ኛው ቦታ ላይ ነበር። የዛሬ ብሮውዘር ያን ቦታ የቃል መቁረጫ ጭረት አድርጎ ስለሚቆጥረው አያሳየውም። ኮፒ ባደረግኩት ጽሑፍ ውስጥም አይታየኝም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የሁላችንም ነው። ፊደሉን ሳንጨርስ መልኩን ለማደስ ቸኮልን። ልጃቸው ንጹህ፣ ነጭ፣ ስልክ ላይ የሚያምር ነገር ፈለገች፤ እኔም የለመድኩት ስለሆነ በሦስት ቀን ሠራሁት። ጥሩ ሥራ ነበር። ጋሼ አዩት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ የሰው ቤት ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። «አብሽር፣ ደክመሃል» ብለው አጽናኑኝ እንጂ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራውን በሙሉ ጣልኩት። ደግ አደረግኩ ብዬ ነው የማስበው።

ፊደሉን መመለስ

ፎንቱ የተገኘው ጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ጋሼ በ2000 የገዙት ሲዲ፣ ላዩ ላይ በእጃቸው የተጻፈበት። ይህ ሲዲ ባይኖር ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ግልጽ ሆነ። ፎንቶቹን በፎንት ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ እያንዳንዱ ቦታ ላይ የትኛው ፊደል እንዳለ በሰንጠረዥ ጻፍኩ፤ በአንዱ ወገን የድሮው ቁጥር፣ በሌላው ወገን የዩኒኮዱ ፊደል። ሁለት ሰንጠረዥ፣ ለሁለት ፎንት። ከዚያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ስክሪፕት ተጻፈ። ስክሪፕቱ የኤችቲኤምኤሉን ፋይል ራሱን ነው የሚያነበው፤ በየቦታው የትኛው ፎንት እንደተከፈተ ይከታተላል፣ በዚያው ሰንጠረዥ ይተረጉማል።

ዋናው ፋይል ያስፈልጋል ስል ማኅደሩ የጨመረበትን ሳይሆን ጥሬውን ማለቴ ነው። ዌይባክ ማሽን ገጹን ሲያሳይ ሊንኮቹን ይቀይራል፣ ላዩ ላይ የራሱን አሞሌ ይለጥፋል። አድራሻው ውስጥ ከቀኑ ቁጥር ቀጥሎ ትንሽ ምልክት ሲጨመር ግን ፋይሉን እንደነበረ ይሰጣል። ይህን ባውቅ ኖሮ ከመጀመሪያው ስንት ቀን ይተርፍ ነበር።

አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። አንዳንድ ፊደሎች የተቀመጡት ኤችቲኤምኤል ለራሱ ሥራ በሚጠቀምባቸው ምልክቶች ቦታ ላይ ነው፤ «ያንሳል» የምንለው የሒሳብ ምልክት አንዱ ነው። ጋሼ አንዳንዴ በትክክለኛው መንገድ በኮድ ጽፈውታል፣ አንዳንዴ ጥሬውን። ጥሬው ያለበት ቦታ ላይ ስክሪፕቱ አዲስ ትእዛዝ የተከፈተ መስሎት ቀጥሎ ያለውን ቃል ሁሉ ይውጠዋል። ለዚህ መላ የለውም። ሰው መቀመጥ አለበት። ጋሼ በቪዲዮ ጥሪ ተቀምጠው «እዚህ ጋ ‹ሸዋ በር› ነው ያልኩት፣ እዚህ ጋ ‹የቅዳሜ ገበያ›» እያሉ ሞሉልኝ። ሦስት ማታ። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ያስታውሱት ነበር።

የእንግዳ መዝገቡ

ስለዚህኛው ትንሽ ልዘገይ፤ ለኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

የእንግዳ መዝገቡ ራሱ ገጹ ላይ አልነበረም። ሌላ ድርጅት በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ነው፣ ሊንኩ ብቻ ነው ከገጹ ጋር ያለው። ማኅደሩ ውስጥ የመጀመሪያዋ ገጽ ብቻ ተገኘች። ቀሪውን ያዳኑት ባለቤታቸው ናቸው። ያኔ መሥሪያ ቤታቸው አትመው ያመጡት ሠላሳ ምናምን ገጽ ወረቀት ከፎቶ አልበም ጋር ተቀምጦ ኖሯል።

ጎብኚዎቹ የጻፉት በአማርኛ ነው፣ በላቲን ፊደል። ከየት ፎንት ያመጣሉ? ከሎስ አንጀለስ፣ ከስቶክሆልም፣ ከጅዳ ነው የሚጽፉት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተጀመረው ገና በ1997 ነው፣ ደሴ ሆኖ የጻፈ ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም። አንዱ «ሆጤ ሜዳ ኳስ ስንጫወት ግብ ጠባቂ የነበርከው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ እኔ በሕይወት አለሁ» ብሏል። ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ከሥሩ «እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ሁለት ቃል። ስልክ ቁጥር አስከትሏል።

እንግዲህ ይህን እዩልኝ። ጋሼ በጥንቃቄ፣ በተገዛ ፎንት፣ ነጥቡን ሳይስቱ የጻፉት ጽሑፍ የማይነበብ ሆኖ ቆየ። ሰው በችኮላ በላቲን የወረወረው ግን ምንም ሳይሆን ተነበበ። አማርኛ ማንበብ የማትችለው ልጃቸው የእንግዳ መዝገቡን ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችው። አባቷ የጻፉትን አልቻለችም።

ወረቀቱን በስልክ አንስተን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ሞከርን። አልሆነም፤ ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ መስሎት ቃሉን እያረመ ያበላሸዋል። ልጅቱና አክስቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ በእጃቸው ተየቡት። ወደ ፊደል እንቀይረው ወይስ እንዳለ ይሁን በሚለው ተከራክረን ነበር። እኔ እንዳለ ይሁን አልኩ። የጻፉት ሰዎች ያንን ነው የጻፉት። አሁን ላዩ ላይ ላቲኑ አለ፣ ሲነኩት በፊደል የተጻፈው ከሥሩ ይመጣል።

ስልክ ቁጥሮችንና ኢሜይሎችን ግን አውጥተናል። ያኔ ሰው አድራሻውን የሚተወው ለሚያውቀው ሰው እንዲደርስ ነው፤ ዛሬ ያንኑ መልሶ መለጠፍ ሌላ ነገር ይሆናል። የአባት ስምም አስቀርተናል።

ያልተመለሰው

ሁሉም አልተሳካም። የሚያሳዝነኝን ልጀምር። ገጹ ላይ «ድምፅ ለመስማት እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ነበር። የጋሼ እናት ምርቃት ነው፣ ከደሴ በካሴት ተቀድቶ የመጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ድምፅ የሚለጠፈው ሪልኦዲዮ በሚባል የፋይል ዓይነት ነበር። ማኅደሩ ፋይሉን ይዞታል ብለን ደስ ብሎን ከፈትነው። ውስጡ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ድምፁ ያለበት ሰርቨር አድራሻ። ሪልኦዲዮ እንዲያ ነበር የሚሠራው፣ ትንሿ ፋይል መንገድ ታሳያለች፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ነው። ያ ሰርቨር የለም። ካሴቱም የለም። እናትየውም ካረፉ ቆይተዋል። ሊንኩን አላጠፋነውም። ሲጫኑት ያቺ አንድ መስመር ትታያለች፣ ከሥሯ ድምፁ የማን እንደነበረ ተጽፏል።

ብልጭ ድርግም የሚለው ጽሑፍ በዛሬ ብሮውዘር አይሠራም፤ ፋየርፎክስ እንኳ በ2013 አስወጥቶታል። በሌላ ዘዴ መልሰነዋል። የሚሄደው «እንኳን ደህና መጡ» ግን ምንም ሳንነካው ዛሬም ይሄዳል። የጎብኚ መቁጠሪያው ከሌላ ድርጅት የሚመጣ ስለነበር ሞቷል፤ መጨረሻ የታየው ቁጥር ባለቤታቸው ያተሙት ወረቀት ላይ ስለነበር እንደ ምስል ቆሞ ተቀምጧል። ስድስት ፎቶ ባዶ ሆኖ መጣ። አራቱን ከአልበም መልሰን አነሳናቸው፣ ሁለቱ የሉም፣ ቦታቸው ክፍት ነው።

አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ጠፍቷል ብለን ያዘንንበት ሳይጠፋ ነው የተገኘው። ጋሼ ዊንዶውስ ላይ ሲሠሩ የፋይሉን ስም አንዴ በትልቅ የላቲን ፊደል፣ አንዴ በትንሽ ጽፈዋል። ዊንዶውስ ግድ የለውም። አብዛኛው ሰርቨር ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያየው። ስሞቹን አንድ ዓይነት ስናደርግ ሦስት ፎቶ ወዲያው ብቅ አለ።

ስልክ ላይስ? እዚህ ላይ ብዙ ፈርቼ ነበር። ምንም ባለማድረግ ተፈታ። የድሮውን ገጽ ሳይነኩት ሲተዉት ስልኩ ራሱ አሳንሶ ሙሉውን ያሳያል። ፊደሉ ስለሚያንስ ብቻ ጽሑፉን ለብቻው የያዘ «ለንባብ» የሚል ሁለተኛ ገጽ ጨመርን።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ካለ፣ ከመልኩ በፊት ፊደሉን ይፈትሽ። ፎንቱን ይፈልግ፤ ማኅደር ውስጥ ሳይሆን ካርቶን ውስጥ፣ የድሮ ሲዲ ውስጥ፣ ያን ጊዜ ጋዜጣና መጽሔት ያዘጋጁ በነበሩ ሰዎች እጅ። ከብሮውዘር ኮፒ አያድርግ። ጥሬው ፋይል ይውረድ፣ አንድ ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፣ ሥራው በሌላው ላይ ይሁን። የቀየረበትን ሰንጠረዥም አይጣለው፤ በዚያው ፎንት የተጻፈ ሌላ ብዙ ነገር በየሰው ኮምፒውተር አለ። የኛን ሰንጠረዥ ለሦስት ሰዎች ሰጥቻለሁ፣ አንደኛው የአያቱን የሰርግ ግጥሞች ከፍቶበታል።

ገጹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ገጹ ውስጥ እንዳልሆነ ቶሎ መለየት ያስፈልጋል። ከኛ ልምድ የተረፈው ጋሼ በራሳቸው ፋይል ያስቀመጡት ነው። ከሌላ ድርጅት የመጣው ሁሉ፣ መቁጠሪያው፣ መዝገቡ፣ ድምፁ፣ በራሱ አልቆየም። ዛሬ ደንበኛ ሲመጣብኝ ይህን ነው የማስበው፤ ቪዲዮው፣ ካርታው፣ አስተያየት መስጫው ሁሉ ከሌላ ቤት የሚመጣ ነው።

ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጡ። እኛ «ሰርፕራይዝ ይሁን» ብለን አንድ ወር ተኩል ያለሳቸው ሠርተናል፣ ያ ወር ተኩል አብዛኛው ባክኗል።

ስለ መልኩም ልናገር። አሁን ወጣቶች ይህን መልክ እየወደዱት ነው፤ በ2013 የተጀመረው ነጻ የገጽ ቦታ ኒዮሲቲስ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ገጽ ማየት ይቻላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሻማውን ብቻ ከወሰድን የጋሼን ነገር አልወሰድንም። የጋሼ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚችል ነበር። ሌሊት የተማሩትን ጠዋት ይጽፉታል። የሚጠይቁት ፈቃድ የለም። ለዚህ ነው ሲመለስም እንዳለ የተመለሰው፤ ፎልደር ነው፣ ጥቂት ፋይሎች፣ ምንም ዳታቤዝ የለውም፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠው ለዘመድ የሚሰጡት።

በልደታቸው ዕለት ልጃቸው ኮምፒውተሩን ከፍታ አሳየቻቸው። በቪዲዮ ነበርኩ። ከላይ እስከ ታች አዩት። ሐይቅ ላይ ትንሽ ቆዩ። ታች ሲደርሱ «መጨረሻ የታደሰው» የሚለው መስመር ላይ አሁንም 2003 ተጽፎ ነበር፤ እኔ አልነካሁትም። መነጽራቸውን አስተካክለው «ፋይሉ የታለ?» አሉ። ልጃቸው ፎልደሩን አሳየቻቸው። ኖትፓድ ከፈቱ፣ መስመሩን ሳይፈልጉ አገኙት፣ 2003ን አጥፍተው የዕለቱን ቀን ጻፉና ሴቭ አደረጉ።